እህቴን ለማዳን ሐይቅ ዳር የሄድንበት ቀን

እህቴ በአሥራ አራት ዓመት ትበልጠኝ ነበር። እናታችን የሞተችው እኔ ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ ስለሆነ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እትዬ እላታለሁ። ልጅ ሆኜ ጎረቤቶች መክረውኝ አንቱ ልላት ሞክሬ ነበር። "አንቺ አንቱ ካልሽኝ ማን አንቺ ሊለኝ ነው?" ብላ ተቆጣችኝ፤ እንደዚያው ቀረ።

ቶሮንቶ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። እሷን ከካርቱም ለማምጣት ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ስትመጣ ሃምሳ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ገና ሻንጣዋን በደንብ ሳትፈታ "ሥራ ፈልጊልኝ" አለችኝ። ሬክስዴል ውስጥ የሆቴል አንሶላና ፎጣ የሚታጠብበት ፋብሪካ አስገባኋት። እዚያ ዘጠኝ ዓመት ቆማ አንሶላ አጠፈች። የተማረችው እንግሊዝኛ ከአንሶላው ሥራ አላለፈም። "ቱ ሆት" ትላለች፣ "ቱሞሮ" ትላለች፣ ጋሪው ባዶ ሲሆን "ፊኒሽ" ትላለች። ለቀረው ነገር ሁሉ አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩ። ባንክ ስንሄድ፣ የቤት ኪራይ ውል ስንፈርም፣ ሐኪም ዘንድ ስንቀርብ ሰዎቹ የሚያዩት እኔን ነው፣ እሷም የምታየው እኔን ነው።

ሁለታችንም ትዳር አልሆነልንም። ዌስተን ውስጥ፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ካለ ረጅም ሕንጻ ላይ፣ አንድ መኝታ ቤት ውስጥ ሁለት አልጋ ዘርግተን እንኖር ነበር።

ሕመሟ የታወቀው ባለፈው የበረዶ ወቅት ነው። ሆዴን ይወጋኛል፣ ጀርባዬን ይወጋኛል ስትል ቆይታ፣ የምርመራው ውጤት ሲመጣ ቆሽቷ ላይ የወጣ ካንሰር ሆነ። ኪሞ የሚሉትን የካንሰር መድኃኒት ጀመሩላት። ለእያንዳንዱ ቀጠሮ የሥራ ሰዓት እያስቀየርኩ አብሬያት ሄድኩ። ያልሄድኩበት አንድ ቀን ብቻ ነው። የምሠራበት ነርሲንግ ሆም፣ የአረጋውያን መጦሪያው፣ ሰው አጥሮት በማለዳ ኮል አደረጉልኝ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እምቢ እል ነበር፤ እትዬ ግን "ሂጂ፣ ደም ሊቀዱኝ ነው እንጂ ሌላ ምን አለ? ሆስፒታሉ በስልክ አስተርጓሚ ያገናኘኛል" አለችኝ። ሄድኩ።

ስመለስ፣ "ምን አሉሽ?" አልኳት።

"መድኃኒቱን አቁመን እንረፍ አሉ።"

ደስ አለኝ። ካረፈች ሰውነቷ ይበረታል፣ ከበረታች በኋላ ሌላ መድኃኒት ይጀምሩላታል ብዬ ያላለችውን ጨመርኩበት።

የእኔ ሥራ አቅመ ደካማ ሰዎችን ማጠብ፣ ማልበስ፣ ማጉረስ ነው። አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። በዚህ ወር ማን እንደሚለየን ብዙ ጊዜ ከነርሶቹ ቀድሜ አውቃለሁ። ሰውየው የሚወደውን ሾርባ መግፋት ይጀምራል፣ የሰዓቱ ማሰሪያ ክንዱ ላይ ይሽከረከራል፣ ቀን ቀን መተኛት ያበዛል። ይህን ሁሉ በእትዬ ላይ አየሁ፤ እያየሁም ሌላ ስም ሰጠሁት። የዓይኗ ነጩ ቢጫ ሲሆን እንቅልፍ ማጣት ነው አልኩ። ቀሚሷ ከትከሻዋ ሲወርድ ክብደት መቀነሷ ለጉልበቷ ይጠቅማታል አልኩ። ሌላ ሰው ቢሆን ኖሮ በሩ ላይ ቆሜ አንድ ጊዜ አይቼ አውቀው ነበር።

አብራኝ የምትሠራ ከሕንድ፣ ከኬረላ የመጣች ሴት አለች። ስለ አዩርቬዳ፣ ስለ ሕንዶች የጥንት ሕክምና፣ የነገረችኝ እሷ ናት። አጎቷ ከኪሞ በኋላ ምግብ አልወርድ ብሎት እንደነበርና በዘይቱና በቅጠሉ ምግብ እንደተላመደ አጫወተችኝ። ያለችው ይህን ብቻ ነው። እኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው፤ ዳነ ያለችኝ ያህል ሰማሁ። ዕረፍት ላይ ቁጭ ብዬ በስልኬ ስፈልግ ከከተማው በስተምሥራቅ፣ ስካርቦሮ ውስጥ፣ ውሃ ዳር ያለ ቦታ አገኘሁ። "የባሕር ዳር ማረፊያ" ይሉታል። ባሕር አይደለም፣ የኦንታሪዮ ሐይቅ ነው፤ ማዶው ስለማይታይ ግን ባሕር ብለውታል። ለሁለታችን የአንድ ቀን ቡክ አደረግሁ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጠዋት ጠዋት ሻይዋን እየሰጠኋት ስለዚያ ቦታ ብቻ ነበር የማወራት። እሷ ዝም ብላ ትሰማኛለች። አንድ ቀን "ጸበልም ሄጄ ነበር እኮ" አለችኝ። "ይሄ ደግሞ ሌላ ነው" አልኳት። "እሺ፣ እንሄዳለን" አለች።

የሄድነው በግንቦት መጨረሻ ነው። ከዌስተን በባቡር ተሳፍረን ዩኒየን ጣቢያ ላይ ቀየርን። ደረጃ እንዳትወጣ ሊፍት ፍለጋ ብዙ ዞርን። የክት ጫማዋን አድርጋ ነበር፤ እግሯ አብጦ ስለነበር ባቡሩ ውስጥ ማሰሪያውን አላላሁላት። ከባቡሩ ወርደን በታክሲ ደረስን።

ቤቱ ከሐይቁ በላይ ባለ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ አሮጌ የእንጨት ቤት ነው። በር ላይ አንዲት ሴት ስልካችንን ተቀብላ ቅርጫት ውስጥ ከተተችው፤ ጫማ አስወለቀችን፤ የዝንጅብል ውሃ ሰጠችን። ከእኛ በቀር ሰባት ሰዎች ነበሩ። ቆዳቸው የሚያበራ፣ ምንጣፋቸውን ጠቅልለው በብብታቸው የያዙ ሴቶች ናቸው፤ አንድ ወንድ ሰውም ነበረ። ሁሉም ለእትዬ ፈገግ አሉላት።

"እነዚህ ሁሉ ታመው ነው?" ስትል በጆሮዬ ጠየቀችኝ።

"አይ፣ ሊያርፉ ነው የመጡት።"

"ከምን?"

የዝንጅብል ውሃዋን አቀበልኳት።

መጀመሪያ የማረፊያው የአዩርቬዳ ሐኪም ዘንድ አስገቡን። ስድሳ ዓመት ያለፋት፣ ሽበቷን ጎንጉና በጀርባዋ የለቀቀች፣ በሳሪዋ ላይ ወፍራም ሹራብ የደረበች ሴት ናት። መስኮቷ ወደ ውሃው ነው። ወረቀቷን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ የእትዬን እጅ ያዘችና ሦስት ጣቶቿን የደም ሥሯ ላይ አሳረፈች። ብዙ ቆየች። ከዚያ መጠየቅ ጀመረች፤ እኔ አስተረጎምኩ።

"እንቅልፍ እንዴት ነው?"

እትዬ፣ "ስተኛ ያመኛል፣ ስቀመጥ ይሻለኛል" አለች።

"ምግብ የጠላችው ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከጥምቀት ወዲህ በያት።"

"ሆስፒታሉ አሁን ምን እየሰጣት ነው?"

ይህንን ስነግራት እትዬ ሐኪሟን አላየችም። እኔን ነው ያየችው። እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። ገበያ ሄደሽ ይህን ይህን ገዝተሽ ነይ እንደምትለኝ ባለ ድምፅ፣ "ንገሪያት" አለችኝ። "ሦስት ሳምንት ሆነ። ከእንግዲህ የምንሰጥሽ መድኃኒት የለም ብለውኛል። መስከረምን ላላይ እችላለሁ። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጥተውኛል፣ የትራሴ ልብስ ውስጥ አለ በያት።"

ቃሉን ሁሉ ሰማሁት። ሐኪሟ ብዕሯን ይዛ ትጠብቀኛለች። አፌን ከፈትኩና በእንግሊዝኛ "አዲስ መድኃኒት እስኪጀምሩላት እየጠበቀች ነው ትላለች" አልኩ።

ሴትዮዋ መጻፍ ጀመረች። እትዬ እጇን ዘርግታ ወረቀቱን ሸፈነችው።

"ኖ" አለች በእንግሊዝኛ። "ኖ ሜዲሲን። ሆስፒታል፣ ፊኒሽ።"

በሕይወቴ ብዙ ለሰው አስተርጉሜያለሁ፤ ማንም እንደዚያ አርሞኝ አያውቅም። ሐኪሟ ብዕሯን አስቀመጠችና ወደኔ ዞረች። "እንዲህ ነው ያለችው?" አለችኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ስለዚህ ለራሷ ለእትዬ ራሷን ነቀነቀችላት፤ እትዬም መልሳ ነቀነቀች። ሁለቱ ያለ እኔ ተግባቡ።

"አድምጪኝ" አለችኝ ሐኪሟ። "እኔ ያለኝ ዘይትና ቅጠል ነው። ይህን በሽታ አያድንም። ያድናል ብልሽ እዋሻለሁ። ዛሬ እንዲቀላት የምችለውን አደርጋለሁ።"

ከዚህ በኋላ ያደረግኩትን ሳስታውስ አሁንም ያሳፍረኛል። የሹራቧን እጅጌ ያዝኩት። ሌላ ቦታ የዳኑ ሰዎች እንዳሉ አንብቤያለሁ አልኳት። አብራኝ የምትሠራ ሴት አጎት ድኗል አልኳት፤ ያላለችውን። ወደ ኬረላ ልውሰዳት ወይ አልኳት። "ዓመት አልጠየቅኩሽም፣ እስከ ገና ብቻ" አልኳት፤ ከእሷ ጋር የምደራደር ይመስል። እትዬ እንዳይገባት ብዬ በእንግሊዝኛ ነው የለመንኩት፤ እሷ ግን ፊቴን እያየች ነበር።

"ተይ፣ ሴትዮዋን ልቀቂያት" አለችኝ።

ለቀቅኳት። ሐኪሟ እጅጌዋን እንኳን አላስተካከለችም። ለእትዬ እግሯን ብቻ በሞቀ ዘይት እንዲያሹላት፣ ሆዷን እንዳይነኩ አዘዘች። ሳልተረጉም ያለፍኩትን የትራሱን ክኒን መጨረሻ ላይ ስነግራት ወደኔ ጠጋ ብላ፣ "ክኒኑን ከትራሱ አውጪውና በሰዓቱ ትዋጠው። መታመም የለባትም" አለችኝ። ይህን አስተረጎምኩ። በትክክል።

ክፍሎቹን የሚለያቸው ስስ የእንጨት ግድግዳ ነው። እትዬን በአንዱ አስገቧት፣ እኔን በሌላው። የእንጨት ጠረጴዛ ላይ በጀርባዬ አስተኙኝ። አንዲት ጎልማሳ ሴት ከራሴ በላይ ከተሰቀለ የነሐስ ዕቃ ግንባሬ ላይ ዘይት ታንቆረቁር ጀመር፤ ክር ሆኖ ሳይቋረጥ ይወርዳል። "ምንም አታስቢ" አለችኝ። ሰሊጥ ሰሊጥ ይሸታል።

እኔ ያሰብኩት እነዚያን ሦስት ሳምንታት ነው። እሷ ያን ወሬ ይዛ ከሆስፒታል ብቻዋን በአውቶቡስ የተመለሰችበትን ቀን። በማግስቱ ጠዋት አጃ ሠርቼላት አልበላም ስትለኝ ማንኪያውን ወርውሬ፣ "መዳን አትፈልጊም እንዴ?" ብዬ የጮህኩባትን። "እፈልጋለሁ" ብላ ሁለት ማንኪያ የዋጠችውን። እያንዳንዱን ቀን ወደኋላ እየሄድኩ አነሳሁት። በእያንዳንዱ ቀን እሷ ታውቅ ነበር፤ እኔ ደግሞ ስለ ዝንጅብልና ስለ ቅጠል አወራት ነበር።

በዚህ መሐል ከግድግዳው ማዶ ሳቅ ሰማሁ። የእትዬ ሳቅ ነው። የእግሯን መዳፍ ሲነኳት ሁልጊዜም ትስቃለች፤ መኮርኮር አትችልም። ከታመመች ወዲህ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም ነበር። ሰው ይህን ሲሰማ ደስ ይለዋል። እኔ ግን ይህን ሳቅ ስንት ጊዜ እንደምሰማው ማሰብ ጀመርኩ። "በቃኝ፣ አቁሚልኝ" ብዬ ተነሳሁ። ዘይቱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ሴትዮዋ ደንግጣ ፎጣ ሰጠችኝ። ልብስ መቀየሪያው ክፍል ገብቼ፣ ፎጣውን ራሴ ላይ ጠምጥሜ፣ የእሷ እስኪያልቅ ድረስ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ለምሳ ሩዝና ምስር አንድ ላይ ተቀቅሎ እርድ የገባበት ለስላሳ ምግብ አቀረቡልን። እዚያ ቤት በምሳ ሰዓት አይወራም፤ ደንባቸው ነው። ዘጠኝ ሰዎች ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ዝም ብለን ተቀመጥን። እኔ ፊት ለፊቷ ነኝ፣ ልጠይቃት አልችልም። እትዬ አራት ማንኪያ በላች። ቆጥሬአለሁ። ከዚያ ሳህኗን ወደኔ ገፋ አድርጋ በአገጯ ብዪ አለችኝ። በላሁላት። ሌሎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ያላምጡ ነበር።

ከምሳ በኋላ እስከ ከሰዓቱ ፕሮግራም ነፃ ጊዜ ነው ተባለ። ወደ ውሃው የሚያወርድ የእንጨት ደረጃ አለ። "አትችይውም" አልኳት፤ "እችላለሁ" አለች። በየሁለት ደረጃው እየቆምን ወረድን። ታች ጠጠር ብቻ ነው። ደረጃው ሥር ካለ የዕቃ ማስቀመጫ ወንበር አምጥቼ አስቀመጥኳት፤ እኔ እግሯ ሥር ተቀመጥኩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ ነበር። ውሃው አመድማ ነው፣ ሰማዩም እንደዚያው፤ የሚገናኙበት ቦታ አይለይም።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"መቼ ልንገርሽ? ከሥራ ስትገቢ ጫማሽን ሳታወልቂ ሶፋው ላይ ትወድቂያለሽ። ጠዋት ደግሞ ስለዚህ ቦታ ታወሪኛለሽ። ደስ ብሎሽ ነበር።"

"ታዲያ እያወቅሽ ለምን መጣሽ?"

"እኔ ብነግርሽ ትከራከሪኛለሽ" አለች። "ሌላ ሐኪም እንጠይቅ፣ ሌላ ሆስፒታል እንሂድ ትያለሽ። ሰው ፊት ከሆነ ግን፣ ሌላ ሰው ጠይቆሽ አንቺው በአፍሽ ከተናገርሽው፣ ይገባሽ ይሆናል ብዬ ነው። ስታስተረጉሚ አትዋሺም ብዬ።"

"ዋሸሁ።"

"ዋሸሽ" አለች። አልተቆጣችም።

"የዚያን ቀን ማን ነበር ያስተረጎመልሽ?"

"አንዲት ሴት ናት፣ በስልክ። ከየት እንደሆነች አላውቅም፣ ያገራችን ሰው ናት። ሐኪሙ ሲናገር ሲናገር ቆየና አቆመ፤ እሷ ግን ዝም አለች። 'አለሽ ወይ?' አልኳት። ለካ እያለቀሰች ነው። አይዞሽ አልኳት። ንገሪኝ፣ ምንም አይደለም አልኳት።"

ያን ጊዜ እኔ አንድ የማላውቃቸውን ሽማግሌ እያጠብኩ እንደነበር ሰዓቱን አስልቼ አወቅኩት። እህቴ እንደምትሞት ሰምታ ያለቀሰችላት ስሟን የማላውቃት ሴት ናት። እትዬን ያጽናናት ሰው አልነበረም፤ አጽናኟ እሷው ራሷ ሆነች።

"አንድ ነገር እሺ በይኝ" አለችኝ።

"ምን?"

"ስደክም አንቺ እንዳታጥቢኝ።"

መጀመሪያ አልገባኝም። "እትዬ፣ ሥራዬ እኮ ነው። ከኔ የተሻለ ማን ያጥብሻል? ሰው እንዳያመው አድርጌ ማጠብ እችላለሁ።"

"ለዚሁ ነው" አለች። "ስለነሱ ነግረሽኛል። እንዴት እንደምታገላብጫቸው፣ ምን ምን እንደምታዪ። እኔን እንደዚያ እንድታዪኝ አልፈልግም። አንቺን ያጠብኩሽ እኔ ነኝ። በሳፋ ውስጥ አቁሜ፣ ሳሙናው ዓይኔ ገባብኝ እያልሽ ስትጮኺ። ይኸው ይበቃል። ሌላ ሰው ይጠበኝ።"

ለመንኳት። በዚያ ቀን ይህ ሁለተኛ ልመናዬ ነው፤ ሁለቱም አልሆነልኝም። በመጨረሻ "እሺ" አልኳት። ያኔ ብቻ እጇን ራሴ ላይ አደረገች፤ ፀጉሬ በዘይት ስለራሰ ጣቶቿ ተንሸራተቱ። "ምን አፍስሰውብሽ ነው?" አለች።

ከላይ ደወል ተደወለ። ከሰዓቱ ፕሮግራም በክብ ተቀምጦ እያንዳንዱ ሰው ዛሬ የሚያመሰግንበትን አንድ ነገር መናገር ነው። አንዷ ለፀጥታው አመሰገነች፣ አንዷ ለሰውነቷ፣ ወንዱ ለትንፋሹ። ተራው እኛ ዘንድ ሲደርስ እትዬ "ምን እያሉ ነው?" አለችኝ። ነገርኳት። አሰበችና፣ "ዛሬ እግሬን አልበረደኝም በያቸው" አለች። እንዳለችው ነገርኳቸው። ሁሉም "ኦው" ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፤ አንዷ ዓይኗን ጠረገች። ጠላኋቸው። ምንም አላደረጉኝም፤ ነገ ጠዋት ተነስተው ቁርሳቸውን ስለሚበሉ ብቻ ጠላኋቸው። የኔ ተራ ሲደርስ "ይለፈኝ" አልኩ።

በባቡር ስንመለስ ትከሻዬ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ ስልኩን ያያል። እኔ እጇን አያለሁ። የደም ሥሮቿ፣ የቆዳዋ ቀለም፣ ጥፍሯ፤ ነርሲንግ ሆም ውስጥ ያየኋቸው እጆች ሁሉ ናቸው። ከዚያ በኋላ ዳግመኛ ሌላ ስም ልሰጠው አልቻልኩም።

ቤት እንደገባን ክኒኑን ከትራሷ ልብስ ውስጥ አወጣሁት። አንዱም አልተነካም ነበር። ብውጠው ያስተኛኛል፣ ከተኛሁ ታውቃለች ብላ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሕመሙን ችላ ተቀምጣለች።

ሰኔ እንደገባ አልጋ ላይ ቀረች። ከሥራ ፈቃድ ወሰድኩ። ነርስ በሳምንት ሁለት ጊዜ ትመጣለች፤ ለማጠብ ደግሞ ከቤት ለቤት አገልግሎት አንዲት ሴት በየሁለት ቀኑ ትላክ ነበር። የእኔው ሥራ ያላት ሴት ናት፣ ምናልባትም አንድ ትምህርት ቤት የተማርን። እሷ ስትገባ እኔ እወጣለሁ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አዳምጣለሁ። ውሃውን ስትጨምቅ እሰማለሁ፤ ፎጣው ቀዝቅዟል፣ ቀይሪው እላለሁ በልቤ። ጎኗን ስታገላብጥ ክንዷን ቀድማ እንዳልያዘች ከእትዬ ድምፅ አውቃለሁ። አንድ ቀን በጣም ስታቃስት አልቻልኩም፣ በሩን ከፈትኩት። እትዬ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር። ዞራ ሳታየኝ፣ "ዝጊው" አለችኝ።

ዘጋሁት። አሥራ ሰባት ዓመት የሰው ገላ ሳጥብ ኖሬ የእህቴን ገላ አልነካሁም። ቃሌን ጠብቄያለሁ፤ ሰዎች ለዚህ ያመሰግኑኛል። ባልጠበቅኩት እላለሁ። ግን ባልጠብቀውም ኖሮ ዛሬ በሌላው እጸጸት ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። የትኛውም መንገድ ወደ ደህና ቦታ አይወስደኝም ነበር።

ሐምሌ ላይ መድኃኒቱን ጨመሩላትና ቀኑን ሙሉ ትተኛ ጀመር። የምጠይቃት ብዙ ነገር እንዳለ ያን ጊዜ ነው የታወሰኝ። አባታችን ለምን ትቶን እንደሄደ፣ ካርቱም ውስጥ ስምንት ዓመት ምን ስትሠራ እንደኖረች። አብረን አንድ ክፍል ውስጥ እየኖርን ይህን ሁሉ ለሌላ ቀን አቆይቼው ነበር። ጆሮዋ ሥር ተጎንብሼ፣ "እትዬ፣ ካርቱም እያለሽ የሚያግዝሽ ሰው ነበር?" አልኳት። ዓይኗን ገለጠች። ጥያቄው የገባት ይመስላል፤ ከንፈሯም ተንቀሳቀሰ። "ቆይ፣ እነግርሻለሁ" አለችኝ። ቆየሁ። በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ጠየቅኳት፤ ዓይኗን አልገለጠችም።

ሐሙስ ቀን ከሰዓት በኋላ ሞተች። እኔ ወጥ ቤት የከንፈሯን ማርጠቢያ ስፖንጅ እያጠብኩ ነበር። ስመለስ ሁሉም ነገር አብቅቷል። ሥራ ቦታ ለቤተሰብ፣ "ብዙ ሰው ብቻውን ሲሆን ነው የሚሄደው፣ አይዞሽ፣ አትጸጸቺ" እያልኩ የምነግራቸው ነገር አለ። ለራሴ ልነግረው ሞከርኩ፤ ውሸት መሆኑ ገባኝ። ለእነዚያ ሁሉ ሰዎች ምን እያልኳቸው እንደነበር አላውቅም።

ገንዘው ቀበሯት። የደብራችን ሴቶች ናቸው ያጠቧት፤ እኔን አልጠሩኝም፣ እኔም አልጠየቅኩም። አርባዋን አወጣን። ከዚያ ሥራ ገባሁ። ከኬረላ የመጣችው ሴት እቅፍ አድርጋ አለቀሰችልኝ፤ ተስፋውን የሰጠችኝ እሷ ይመስል ይቅርታ ጠየቀችኝ። "አንቺ ምንም አላልሽኝም፣ እኔ ነኝ የሰማሁት" አልኳት። አልገባትም። ከዚያ ወዲህ የሥራ ሰዓታችን ተለያይቷል።

ሁለተኛውን አልጋ እስካሁን አላወጣሁትም። ሰዎች ቤት ቀይሪ ይሉኛል፤ ኢስት ዮርክ በኩል ያገራችን ሰው ይበዛል፣ እዚያ ግቢ ይሉኛል። የት ብገባ ምን እንደሚለወጥ አይታየኝም። ቤተ ክርስቲያን መሄድ ትቻለሁ። ተጣልቼ አይደለም፤ እዚያ ቆሜ የምለው ነገር ስለሌለኝ ነው።

ባለፈው እሑድ ሦስት ሴቶች ከቤተ ክርስቲያን መጥተው በሩን አንኳኩ። ሙልሙል ዳቦ ይዘው እንደመጡ በሩ ላይ ሲነጋገሩ ሰማሁ። አንደኛዋ ደጋግማ ጠራችኝ። ልከፍት ተነስቼ እስከ በሩ ሄድኩ፤ እጄ እጀታው ላይ ሆኖ አልዞር አለኝ። "የለችም መሰለኝ" አለች አንዷ። ዳቦውን መሬት ላይ ሲያስቀምጡት የላስቲኩ ድምፅ ተሰማኝ። ሊፍቱ መጥቶ ይዟቸው እስኪወርድ ድረስ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ፤ ከወረዱም በኋላ ቶሎ አልተነሳሁም።